ሕዝበኛ ፖለቲከኞችና ብዙኃን መገናኛ በኢትዮጵያ

ሕዝበኝነት ወይም ፖፑሊዝም ኅብረተሰቡን «ሐቀኛው ሕዝብ» እና «ሕዝቡን የበደሉ ጥቂቶች» ብሎ ለሁለት የሚከፍልና ፖለቲከኛውን የሕዝቡ እውነተኛ ድምፅ አድርጎ የሚያቀርብ የፖለቲካ ስልት ነው። ሕዝበኛ ፖለቲከኛ ከሕዝቡ ጋር ያለ አማላጅ መነጋገር ይሻል። ስለዚህ ወደ ሥልጣን ሲወጣ የዜና ማሰራጫው መሰላል ይሆንለታል፤ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ያው ማሰራጫ ተቀናቃኙ ሆኖ ይታየዋል። በኢትዮጵያ ይህ ለውጥ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በወሎ ረሃብ ዘገባ ላይ ነው።

ስያሜው

«ሕዝበኛ» የሚለውን ስም ለፖለቲከኞች የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ተመራማሪዎችና ተቃዋሚዎች ናቸው፤ ራሱን በዚህ ስም የሚጠራ እምብዛም የለም። በሌላው ዓለም ከሚጠቀሱት መካከል የቬኔዝዌላው ሁጎ ቻቬዝ፣ የጣሊያኑ ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒና የአሜሪካው ዶናልድ ትራምፕ ይገኛሉ። ቤርሉስኮኒ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት ነበሩ። ቻቬዝ በየእሑዱ ለሰዓታት የሚዘልቅ የራሳቸው ፕሮግራም ነበራቸው። ትራምፕ ደግሞ በትዊተር ጋዜጠኞችን አልፈው በቀጥታ ለተከታዮቻቸው ይጽፉ ነበር። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም የፈለጉት በመካከል ጠያቂ እንዳይኖር ነው።

የወሎ ረሃብና ፊልሙ

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በተለይም በራያና ቆቦ እንዲሁም በየጁ አውራጃዎች ከባድ ረሃብ ገባ። የዛሬዎቹ ወልድያ፣ መርሳና ሐራ ያኔ በየጁ አውራጃ ውስጥ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋዜጦችና ሬዲዮ ጉዳዩን በዝምታ አለፉት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ሲታዩ ተማሪዎች ተቆጥተው ሰልፍ ወጡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ረሃቡን ዓለም ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ደርግ የፊልሙን ኃይል ቶሎ ተረዳ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ በአጥንታቸው የቀሩት የወሎ ገበሬዎች ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱም ፊልሙን እንዲመለከቱ ተነግሯቸው እንደነበር ይወሳል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ከሥልጣን ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም የፊልሙ ወሬ ከምስሉ ይበልጥ ተዛመተ። ቅንብሩ የተሠራው በሕዝበኝነት ቋንቋ ነው፦ በአንድ ወገን የተራበ ሕዝብ፣ በሌላ ወገን የሚበላ ጌታ፣ በመካከላቸው ደግሞ ምንም ማብራሪያ የለም።

ያው ረሃብ ከ10 ዓመት በኋላ

ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአደባባይ ንግግራቸው ሕዝብን የማነሣሣት ችሎታ ነበራቸው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን እየከሰከሱ ያደረጉት ንግግር በዚህ ረገድ ይታወሳል። በዘመናቸው ጋዜጣው፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ በሙሉ በመንግሥት እጅ ነበሩ፤ ቅድመ ምርመራም ይደረግባቸው ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ድርቁ ወደ ወሎና ትግራይ ተመለሰ። ከ1966ቱ ረሃብ የተነሣ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በኮሚሽነሩ በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ አማካይነት ለጋሾችን አስጠነቀቀ። መንግሥት ግን መስከረም 1977 ዓ.ም. ለሚከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና ለኢሠፓ ምሥረታ በመዘጋጀት ላይ ነበር። ሻለቃ ዳዊት ከአገር ከወጡ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ሊቀመንበሩ ከበዓሉ በፊት ስለ ረሃብ እንዲወራ እንዳልፈለጉ መስክረዋል። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ ታየ። ኮረም ከወልድያ በስተ ሰሜን የምትገኝ ከተማ ስትሆን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

በረሃብ ፊልም ንጉሥ ያወረደ መንግሥት በ10 ዓመቱ የረሃብ ፊልም እንዳይነሣ መከልከሉ የዚህ ርእስ ዋነኛ ምሳሌ ነው። አገሩም፣ ገበሬውም፣ ዜናውም አልተለወጡም። የተለወጠው የዜናው ተከሳሽ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን አስቀርቶ የግል ጋዜጦች እንዲበራከቱ አደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በተለምዶው አነጋገር ሕዝበኛ አይባሉም፤ በአደባባይ ስሜት ከመቀስቀስ ይልቅ መከራከር ይቀናቸው ነበር። የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ክርክሮች በቀጥታ መተላለፋቸው ለተቃዋሚው ቅንጅት ትልቅ በር ከፈተለት። ከምርጫው በኋላ ግን የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች አብረው ታሰሩ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. አቶ መለስ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት በሩዋንዳው ዕልቂት ጊዜ ከነበረው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው ስርጭቱን ማፈን እንደሚቻል ተናገሩ።

የመንግሥት ጣቢያዎች በዚያ ዘመን የሚመሩበት መርሕ «ልማታዊ ጋዜጠኝነት» ይባል ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር እንዲህ ያለ ዜና በተደጋጋሚ ከተሠራባቸው ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ካሜራ አይጠፋም፤ ሥራው ሲዘገይ ግን ዜናው ይሳሳል።

የማኅበራዊ መገናኛ ዘመን

በ2006 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ የተጀመረው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ (ኦኤምኤን) ጃዋር መሐመድን የጣቢያ መሪም የፖለቲካ ተዋናይም አደረጋቸው። አቶ ጃዋር ከጋዜጠኛ ጋር መጣላት አላስፈለጋቸውም፤ ጣቢያውም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው የፌስቡክ ገጽም በእጃቸው ነበሩ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በፓርላማ የውጭ ፓስፖርት ያላቸውን የሚዲያ ባለቤቶች ነቀፉ። በዚያው ሌሊት አቶ ጃዋር ጠባቂዎቻቸው ሊነሱ መሆኑን በፌስቡክ ጻፉ። በተከተለው ሁከት 86 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት አስታወቀ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሥልጣን በያዙበት በ2010 ዓ.ም. የታሰሩ ጋዜጠኞች ተፈቱ፤ ከ200 በላይ የተዘጉ ድረ ገጾችም ተከፈቱ። ኢትዮጵያ በድንበር የለሽ ጋዜጠኞች ድርጅት መለኪያ በአንድ ዓመት ከ150ኛ ወደ 110ኛ ደረጃ አሻሻለች። እርሳቸው ግን በጋዜጠኞች ከመጠየቅ ይልቅ ራሳቸው መናገርን ይመርጣሉ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማታቸውን ለመቀበል ኦስሎ ሲሄዱ ለተሸላሚዎች የተለመደውን ጋዜጣዊ መግለጫ አልሰጡም። የአገሪቱ ደረጃም መልሶ አሽቆልቁሎ በ2017 ዓ.ም. 145ኛ ሆነ።

በሰሜን ወሎ

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን ከያዙ በኋላ የአካባቢው ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ግንባር እንደሚዘምቱ በማኅበራዊ መገናኛ አስታወቁ፤ ከግንባር የተቀረጸ ምስላቸውም በቴሌቪዥን ቀረበ። በዚያው ሳምንት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረት የወጣ ትእዛዝ የጦርነት መረጃን ከመንግሥት ውጭ ማሰራጨትን ከለከለ። ጦርነቱ በደጃፉ የሆነው የወልድያና የአካባቢዋ ሰው በስልክ መጻፍም ሆነ ማንበብ አይችልም ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በፋኖ ታጣቂዎችና በመከላከያ ሠራዊት መካከል ውጊያ ሲጀመር በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት እንደገና ተቋረጠ።