ጎጆ መውጣት በጎጃም ደጋ

በጎጃም ደጋ አንድ ወጣት ትዳር ይዞ ከወላጆቹ ሲለይ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። የሚገባበት ቤት ባለ ሃምሳ ቆርቆሮ ቢሆንም አባባሉ አልተለወጠም። ቃሉ ቤቱንም፣ ትዳሩንም፣ እርሻውንም በአንድ ጠቅልሎ ይይዛል። ለአርሶ አደሩ ሦስቱ ተነጣጥለው አይታዩም። ቤት የሚሠራው መሬት ያለው ነው፤ መሬቱን አርሶ የሚኖርበት ደግሞ ጎጆ የወጣው ነው። በጎዛምን፣ በማቻከል፣ በአነደድና በስናን የገጠር ቤት እንዴት እንደተለወጠ ሲነገር የመሬት ሥሪቱም ታሪክ አብሮ መነሣቱ ስለዚህ ነው። ነገሩ የጥቂቶች ጉዳይም አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ዞን ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲቆጠርበት፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የገጠር ነዋሪ ነበር።

የቀድሞው ቤት ክብ ነበር። መሐል ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ ዙሪያውን የጽድ ወይም የወይራ ግድግዳ ይተከላል፤ በማገር ይያያዛል፤ ማሰሪያው ምስማር ሳይሆን ልጥ ነው። ጣራው በሰንበሌጥ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ሲጠጋ ደግሞ በጓሳ ይከደናል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ከዚያ በኋላ ነው ምርጊቱ የሚጀመረው። ውስጡ መደብ ይሠራለታል፤ በእበት ይለቀለቃል፤ ጎታው ጓዳ ይገባል፤ ጥጃና በቅሎም ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። የምድጃው ጢስ ዓይን ቢያቃጥልም ሳሩን ከነቀዝና ከብስባሴ ስለሚጠብቅ ያለ ጥቅም አልነበረም።

ሥራው የሚከናወነው አዝመራው ተሰብስቦ ዝናቡ እስኪገባ ባሉት ወራት ነው። ጭዱ የሚገኘው ከውቂያ በኋላ ነው፤ የሰው ጉልበትም የሚፈታው ያን ጊዜ ነው። ጣራው ከግንቦት ማለቂያ በፊት ካልተከደነ ክረምቱ ግድግዳውን ያፈርሰዋል። ብቻውን ቤት የሚሠራ ሰው ስለሌለም ደቦ ይጠራል። ባለቤቷ ጠላውን ጠምቃ እንጀራውን ጋግራ ካላቀረበች ምሰሶው አይቆምም። የቤት ታሪክ ሲጻፍ አናጢው ይጠቀሳል እንጂ የጠላው ነገር ይዘለላል፤ ይህ ትክክል አይደለም።

ርስትና ቤት

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ቤት የሚቆመው በርስት ላይ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ከመጀመሪያው አቅኚ አባት የሚቆጠር መብት ነው። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን ከጻፈው መጽሐፍ መረዳት እንደሚቻለው፣ አንድ ሰው በበርካታ አቅኚ አባቶች በኩል መሬት ሊጠይቅ ይችል ነበር። የጠየቀውን ሁሉ ግን አያገኝም። የሚያገኘው እንደ ችሎታው፣ እንደ ዘመድ ብዛቱና እንደ ሙግት ጉልበቱ ነው። ስለዚህ ክርክሩ አያልቅም። ያም ሆኖ ጎጃሜው ከነሙግቱ ርስቱን ይወድ ነበር፤ ማንም ቢሆን ከአባቱ አጥንት ሊነቅለው እንደማይችል ያምናልና።

ይህ እምነት ምን ያህል የጠነከረ እንደነበር በ1960 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ከግብሩ መጠን ይበልጥ ያስፈራው መሬቱ መገመቱና መለካቱ ነበር። የተለካ መሬት ነገ ይወሰዳል ተባለ። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣው አመፅ በጦር ኃይል፣ በአውሮፕላን ጭምር ሊገታ ተሞክሮ ብዙ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

ርስቱ ግን ለሁሉም አልነበረም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ጭሰኛው ጎጆ የሚቀልሱት በሰው መሬት ላይ ነበር፤ ተነሡ ሲባሉ ይነሣሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወስንና መሸጥ መለወጡን ሲከለክል በባለ ርስቱ ዘንድ ጥርጣሬ ፈጠረ። ለእነዚህ ሰዎች ግን የቆሙበትን መሬት የራሳቸው ለማለት የቻሉበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። በጎጃም ስለዚያ አዋጅ ሲወራ የሁለቱ ወገን ትዝታ የማይመሳሰለው ለዚህ ነው።

መንደር ምሥረታ

ከዚያ ወዲህ በቤት ላይ የመጣው ትልቁ ነገር የመንደር ምሥረታ ነው። ዘመቻው በ1978 ዓ.ም. አገር አቀፍ ሆኖ ታወጀና በተከታዮቹ ዓመታት በጎጃምም ተስፋፋ። በመላ አገሪቱ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ አዲስ መንደር እንዲገባ ተደረገ። ዓላማው ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ ሰብስቦ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ነው ተባለ፤ ለአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም መንገድ ይጠርጋል ተብሎ ታስቦ ነበር።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ክፋት አልነበረውም። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ገመድ ተዘርግቶ መንገድ ተቀየሰ፤ ቤቶቹ በመስመር ተደረደሩ። ገበሬው የአባቱን ቤት በእጁ አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ሄደ። ለብዙ ዓመት የቆመ ምሰሶ ሲነቀል ታችኛው ጫፉ በስብሶ ይገኛል፤ ሳሩም አንዴ ከወረደ ደግሞ አይከደንም። ከቤቱ ይበልጥ የጎዳው የጓሮው ነገር ነው። ጓሮ ማለት እበትና አመድ ለስንት ትውልድ ሲደፋበት የኖረ፣ ጌሾው፣ ጎመኑና በርበሬው የሚበቅልበት አፈር ነው። አዲሱ መንደር ውስጥ ለዚህ ምትክ አልነበረም። እርሻው ራቀ፤ እበቱም ከመንደር እስከ ማሳ የሚያመላልሰው አጣ፤ አንድ ጎጆ እሳት ሲነካው ጎረቤቱም ይሰጋ ጀመር።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ የአምራች ማኅበራቱ አባላት መበተን እንደሚችሉ ተነገራቸው። «መልባ» እና «ወልባ» እየተባሉ በደረጃ ይጠሩ የነበሩት ማኅበራት ብዙም ሳይቆዩ ፈረሱ። ከመንደሩም ብዙው ሰው እንጨቱን ይዞ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጎጆ የወጣ ሰው በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቤት ሠራ ማለት ነው። «ኅብረት ሥራ» የሚለው ስም ራሱ በገበሬው ዘንድ ለረጅም ጊዜ መጥፎ ትዝታ ተሸክሞ መቆየቱ አያስገርምም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 አባልነት በፈቃድ ብቻ እንደሚሆን በግልጽ ሲደነግግ፣ አደራጆቹ በየቀበሌው መጀመሪያ መመለስ የነበረባቸው ጥያቄ «እንደ ድሮው ነው ወይ?» የሚለው ነበር።

ከሳር ወደ ቆርቆሮ

የመሬት ጥያቄ በዚህ አላበቃም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ በተለይም በጎጃም፣ መሬት እንደገና ተሸነሸነ። በቀደሙት ሥርዓቶች «ቢሮክራሲ» ተብለው የተፈረጁ ሰዎች ይዞታቸው ወደ 1 ሄክታር ዝቅ ተደረገ፤ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች ድርሻ አገኙ። የተቀነሰበት ሰው ቅሬታ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ጎጆ የወጣውም ያለዚያ ድልድል መሬት እንደማያገኝ ያውቀዋል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ምዝገባ መጣ። በምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት ቀበሌ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ ነበረች። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ። ለሚስት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። የ1960ውን አመፅ ለሚያስታውስ ሰው፣ መሬቱን ለመለካት የመጣን ባለሙያ ገበሬው ራሱ ድንበሩን እያሳየ ሲከተለው ማየት ሊገርመው ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ይደነግጋል፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ ያቆመው ቤት ግን ንብረቱ ነው ይላል። ቤትን በደንብ ለመሥራት አንድ ምክንያት ይኸው ነው።

ቆርቆሮው የበዛው በእነዚህ ዓመታት ነው። አንደኛው ምክንያት ሳሩ ማለቁ ነው፤ ሰንበሌጥ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ ታርሷል፣ የቀረውንም ከብቱ ይግጠዋል። ጽድና ወይራውም ተመናምኗል። በምትኩ የቆመው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቀጥ ብሎ ስለሚያድግም ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ቆርቆሮም በክብ ጣራ ላይ አይመችም። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ጤፍና ስንዴ ዋጋ ሲያወጡ የገበሬው የመጀመሪያ ሐሳብ ጣራው ነበር። የ1991ዱ አዋጅ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ተይዞ ቀሪው ለአባላት እንዲከፋፈል ስለፈቀደ፣ ትርፍ ባገኙ ማኅበራት የትርፍ ድርሻውም ለምስማርና ለቆርቆሮ መግዣ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ከማኅበሩ የመጣው ማዳበሪያ ደግሞ ማሳ ላይ ካለቀ በኋላ ከረጢቱ ተተርትሮ ኮርኒስ ይሆናል፤ ከረጢቱን ራሱን ሰው «ማዳበሪያ» እያለ የሚጠራው በከንቱ አይደለም።

ቆርቆሮ የራሱ ችግር አለው። ሌሊቱን ቤቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አያሰማማም፤ በጮቄ ሥር ባሉ ቀበሌዎች ንጋት ላይ ከውስጥ ያንጠባጥባል። ብዙ እናቶች ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ የሳር ማዕድ ቤት ያላስፈረሱት ለሙቀቱ ብለው ነው። ባሕር ዛፍም ምስጥ አይችልም። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው የምሰሶውን ጫፍ እሳት አስነክቶ ወይም የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ይተክላል፤ አቅም ያለው ደግሞ መሠረቱን በድንጋይ ያነሣል።

አሁን ጎጆ የሚወጣው ከ1989 ዓ.ም. በኋላ የተወለደው ነው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድልድል ስላልተደረገ መሬት የሚያገኘው ከወላጅ በስጦታ ወይም በውርስ ነው፤ አራት ጥማድ ለአራት ልጆች ሲከፈል ደግሞ ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ ይደርሰዋል። ብዙዎቹ ቤታቸውን የሚያቆሙት በወላጆቻቸው ግቢ ጥግ፣ በወላጆቻቸው ደብተር ሥር ነው። ገንዘብ ሲያገኙ አስቀድመው ቆርቆሮ የሚገዙት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቦታው እስኪገኝ ከጓዳ ተደርድሮ ይቆያል፤ ቤቱ ተሠርቶ ቦታ መለወጥ ቢያስፈልግም ምስማሩ ተነቅሎ በአህያ ይጫናል።