ከሉሉ ፎቶግራፍ የምንማረው

«የውሻ ፎቶ በአንገት ሐብል!» ብለው አይሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ። እዚህ ጆሃንስበርግ ታክሲ ስነዳ አንዲት አረጋዊት ተሳፈሩ። የሞተ ውሻቸውን ምስል በሐብል ላይ ሊያስቀርጹ ወደ ወርቅ ሠሪ ይሄዳሉ። ሦስት ፎቶ አውጥተው «የቱ ይሻላል?» አሉኝ። በአገራችን ውሻ ደጅ ጠባቂ ነው፤ በአንገት የሚታሰረውም ማተብ ነው። የቀድሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ግን ወዲያው ሉሉ ትዝ አለችኝ።

ሉሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ነበረች። መቃብሯ ለንግሥናቸው 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. በተሠራው፣ ዛሬ ብሔራዊ በሚባለው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ይገኛል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ የመኳንንቱን ጫማ ታርስ እንደነበርና ያንን የሚጠርግ አሽከር እንደነበረ ጻፈ። የታሪክ ምሁሩ ሃሮልድ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፉን ክፉኛ ተቸው፤ ወሬው ግን ዓለምን ዞሮ ነበር። ፎቶግራፎቿን የተመለከተ ሰው ሌላ ነገር ያያል፤ ዕድሜያቸው ከገፋ ንጉሥ አጠገብ የማትለይ ትንሽ ፍጥረት። እንግዲህ ፎቶ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ሲመረጥ በጥንቃቄ ነው።

የፎቶግራፍ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ይፋ ከመሆኑ በፊት አውሮፓውያን የሚወዱትን ሰው ጠጉር በሐብል ውስጥ ያኖሩ ነበር። ዛሬ ምስሉ ራሱ ይቀረጻል። ነገር ግን የሐብሉ ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ እንደ ሉሉ ከንጉሥና ከቤተ መንግሥት ጋር የተነሣ ፎቶ ለታሪክ እንጂ ለሐብል አይሆንም፤ ውሻዋ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ፊቱ ብቻ የሞላበትን ይምረጡ። ዓይኖቹ ይታዩ፤ ጆሮዎቹ አይቆረጡ። ጎንበስ ብለው በእንስሳው ቁመት ያንሡት። የመስኮት ብርሃን ከፍላሽ ይሻላል፤ ፍላሽ ዓይንን ያበራል። ጥቁር ከሆነ ከበስተኋላው ነጣ ያለ ነገር ይኑር፤ ቀራጩ የሚከተለው ብርሃንና ጥላን ነውና።

ከአረጋዊቷ ሦስት ፎቶዎች አንዱ ውሻው ሪባን አስሮ የተነሣው ነበር። ሁለተኛው ሲሮጥ፣ ሦስተኛው በር ላይ ተኝቶ ቀና ሲል። በሦስተኛው ላይ አንድ ጆሮው የተቀደደ መሆኑ ስለሚታይ ሊተዉት ነበር። «እማማ፣ እርስዎ የሚያውቁት የትኛውን ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆየት ብለው ሦስተኛውን ለብቻው ያዙት።

እኔ ከአገር ስወጣ እስከ አስፋልቱ የሸኘችኝ ቡቺ ነበረች። ፎቶ የላትም። ዛሬ መልኳን ላስታውስ ብሞክር ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ምልክት በቀኝ ይሁን በግራ ይጠፋብኛል። እርስዎ ግን አንባቢዬ፣ በቤትዎ ያለው ገና በሕይወት ሳለ፣ ዛሬውኑ በመስኮቱ ብርሃን ያንሡት።