በነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ የሚፈጠሩ ሐሰተኛ የኤሌክትሪክ ምልክቶችና መከላከያቸው

በነዳጅ መስኮች የሚሠራ ሾፌር፣ ወጥ ቤት ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ወደ ቁፋሮ ሥፍራው በሚወስደው መንገድ ላይ ተንቀሳቃሽ ስልክና የመገናኛ ሬዲዮ እንዲዘጋ የሚያዝ ምልክት አልፎ አልፎ ያጋጥመዋል። ትእዛዙ ከሥራ ዲሲፕሊን የመጣ ሊመስል ይችላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ወደ ጉድጓዱ ከሚወርደው መሣሪያና መሣሪያውን ከያዘው ኬብል ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ኬብል ብዙ ጊዜ በውስጡ ሰባት የመዳብ ሽቦዎችን ይይዛል፤ ከውጭ ደግሞ በሁለት ዙር የብረት ክሮች የተጠመጠመ ነው። ኃይል ወደ ታች ያወርዳል፣ የልኬት ውጤት ወደ ላይ ያመጣል፤ እንደ ሥራው ዓይነትም ፈንጂ የሚያፈነዳውን ትእዛዝ ያደርሳል። ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በብረት ቱቦና በጨዋማ የቁፋሮ ጭቃ መካከል የሚያልፍ ሽቦ ማንም ያልላከውን ኤሌክትሪክ መቀበሉ አይቀርም። ሐሰተኛ ምልክት የሚባለውም ይኸው ነው። ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይገለጣል፤ አንደኛው መለኪያውን ማሳሳት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ጉድጓድን በኤሌክትሪክ የመለካት ጥበብ የተጀመረው መስከረም 5 ቀን 1927 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በፈረንሳይ አልዛስ ግዛት በፔሸልብሮን ነበር። ሄንሪ ዶል ከባልደረቦቹ ጋር መሣሪያውን ደረጃ በደረጃ እያንቀሳቀሰ ልኬቱን በእጅ መዘገበ። መሠረተ ሐሳቡ ዛሬም አልተለወጠም። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ዘይትና ጋዝ ግን አያሳልፉም። ስለዚህ ኤሌክትሪክን አጥብቆ የሚገታ አለት ነዳጅ ሊይዝ እንደሚችል ይገመታል። ከዚህ የተነሣ ልኬቱን ያለ አግባብ ከፍ የሚያደርግ ስሕተት ውኃን ነዳጅ አስመስሎ ያሳያል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በኔዘርላንድስ የጋዝ መስክ ስም የሚጠራው የግሮኒንገን ክስተት ነው። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ወፍራም የጨው ወይም የአንሃይድራይት ንብርብር ከላይ ሲጋደም፣ የመሣሪያው ጅረት በአለቱ ውስጥ ተሰራጭቶ መመለስ ያቅተውና በጉድጓዱና በኬብሉ በኩል ይመለሳል። ያን ጊዜ ዜሮ ይሆናል ተብሎ የሚታሰበው የማነጻጸሪያ ነጥብ ዜሮ መሆኑ ይቀራል፤ ከንብርብሩ በታች ያለው ንባብም ይዛባል። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ዐረብ የተባለውን ነዳጅ አዘል አለት ሂት የሚባል የአንሃይድራይት ንብርብር ስለሚሸፍነው፣ ነገሩ የዚህን አካባቢ ባለሙያዎችም ይመለከታል።

ሌሎች የስሕተት ምንጮች ከዚህ ይልቅ ተራ ናቸው። አለቱ በተፈጥሮ የሚያመነጨው ቮልቴጅ የሚለካው በሚሊቮልት ስለሆነ ጥቂት ነገር ያናጋዋል። ኬብሉ የሚጠቀለልበት ከበሮ ማግኔት ከያዘ፣ በዞረ ቁጥር በወረቀቱ ላይ እንደ ማዕበል የሚደጋገም መስመር ይጥላል። ልምድ ያለው ሰው የማዕበሉን ርዝመት ከከበሮው ዙሪያ ጋር በማነጻጸር ብቻ ምንጩን ያውቃል፤ መድኃኒቱም ከበሮውን ከማግኔት ማጽዳት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጭቃው ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሠራሉና ባዶ ብረት ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ይሸፈናል። በኬብሉ መጋጠሚያ የገባች ጥቂት እርጥበትም ምልክቱን ታፈሳለች፤ ስለዚህ መጋጠሚያው በጎማና በሲሊኮን ቅባት ይታሸጋል፣ ከመውረዱ በፊትም ሽቦዎቹ እርስ በርስም ሆነ ከብረቱ ጋር አለመገናኘታቸው ይለካል። አሁን አሁን ልኬቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ወደ ቁጥር ተለውጦ ስለሚላክ፣ በመንገድ የሚያገኘው ጫጫታ እንደ ቀድሞው አያበላሸውም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በመብሳት ሥራ ላይ ነው። ጉድጓዱ በብረት ቱቦና በሲሚንቶ ከታሸገ በኋላ ነዳጁ እንዲገባ ቱቦው በፈንጂ ይበሳል። ፈንጂውን የያዘው መሣሪያ በሙያው ቋንቋ ጠመንጃ ይባላል፤ የሚያስነሣው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዲቶኔተር ነው። ዲቶኔተሩ ኤሌክትሪኩ ከማን እንደመጣ አይጠይቅም። ከብየዳ ማሽን፣ ቱቦን ከዝገት ለመጠበቅ ከሚለቀቅ ጅረት፣ ከሬዲዮ ማሠራጫ፣ ከመብረቅ ወይም የአሸዋ አውሎ ነፋስ ከሚፈጥረው የሰበቃ ኤሌክትሪክ ሊመጣ ይችላል።

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ቁጥር 67 የተባለው የአሠራር መመሪያ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። በተለመደው አሠራር ጠመንጃው ከመያያዙ በፊት በቁፋሮ ማማው፣ በጉድጓዱ ቱቦና በመኪናው መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካል፤ ከ0.25 ቮልት ከበለጠ ምንጩ ተገኝቶ እስኪወገድ ሥራው አይጀመርም። ሦስቱ በአንድ ሽቦ ተያይዘው መሬት ይይዛሉ። ዲቶኔተሩም 50 ኦም ያህል መከላከያ ስላለው፣ 0.25 ቮልት ቢደርሰው የሚያልፈው ጅረት 5 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ብየዳ ይቆማል፣ የዝገት መከላከያው ጅረት ይቋረጣል፣ ሬዲዮና ስልክ ይዘጋል። የማፈንጃው ቁልፍም ከሰሌዳው ተነቅሎ በኃላፊው እጅ ይቆያል፤ ጠመንጃው ከመሬት ወለል በታች 60 ሜትር ያህል ሳይወርድ ኃይል አይሰጥም።

ተራ ሬዲዮ የማያስነሣቸው፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ልዩ ምት ብቻ የሚያስነሣቸው ዲቶኔተሮችም አሉ። አንዳንዶቹ የሬዲዮ ጸጥታን አስፈላጊነት ቢያስቀሩም የቮልቴጅ ልኬቱንና የቁልፉን ሥርዓት አያስቀሩም።

ሠራተኞች በቀላሉ የሚዘናጉት መሣሪያው ሲመለስ ነው፤ ተኩሱ ተሰምቷል፣ ሥራው አልቋል ተብሎ ስልኩ ከኪስ ይወጣል። ሆኖም ከጠመንጃው ከፊሉ ሳይፈነዳ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጠመንጃው ወደ 60 ሜትሩ ሲቃረብ ኃይሉ እንደገና ይቋረጣል፣ ጸጥታውም ይመለሳል፤ ኃላፊው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይኑ እስኪያረጋግጥ ድረስ መሣሪያው እንዳልተተኮሰ ይቆጠራል።