ኦስቲዮፓቲ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት

ከ37 ሳምንት እርግዝና በፊት ተወልደው በጽኑ ሕክምና ክፍል ለሚተኙ ጨቅላ ሕፃናት ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን በእጅ የሚሰጥ ሕክምና። ኦስቲዮፓቲን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረተው አሜሪካዊው ሐኪም አንድሩ ቴይለር ስቲል ነው፤ ለጨቅላ ሕፃናት ያለው ጥቅም በሰፊው የተፈተሸው ግን በጣሊያን ነው።

ባለሙያው የታጠበና የሞቀ እጁን በሕፃናት ማሞቂያው (ኢንኩቤተር) የእጅ ማስገቢያ ሰድዶ አንዱን መዳፍ ከሕፃኑ ጭንቅላት፣ ሌላውን ከወገቡ ሥር ያኖራል። ግፊቱ እጅግ ስስ ነው፤ ማሸትም ሆነ አጥንት ማንቋቋት የለበትም። የልብ ምትና የኦክስጅን መቆጣጠሪያው አይነቀልም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በሦስት የጣሊያን ሆስፒታሎች 695 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት፣ ሕክምናውን ያገኙት ወደ 4 ቀን ገደማ ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡ አሳይቷል። በማሞቂያው አጠገብ ለምትጠብቅ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዕለታዊ የክብደት ጭማሪ ግን ልዩነት አልታየም፤ ንክኪው ቆይታን የሚያሳጥርበት መንገድም ገና አልተብራራም። ስለዚህ ኦክስጅንን፣ ሙቀትንና የእናት ጡት ወተትን ሊተካ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለእነዚህ ሕፃናት እንዲደረግ የመከረው የካንጋሮ እንክብካቤን ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አቅፎ ማቆየትን ነው።