ከደጅ ጥናት እስከ ዕጣ፦ የእንጀራ ፈላጊው መጠለያ በአዲስ አበባ ታሪክ

በገጠሩ ኢትዮጵያ የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» የሚል መልስ ማግኘቱ የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ግን የሚያገለግለው ለአንድ ሌሊት ነው። እንጀራ ፍለጋ ወደ ትልቅ ከተማ የሚመጣ ሰው የዓመታት እንግዳ በመሆኑ፣ ሥራ ባገኘ ማግስት «የት ልደር?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጠችው መልስ፣ በየዘመኑ ማንን እንደ ልጇ፣ ማንን እንደ መጤ ትቆጥር እንደነበር ያመለክታል።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ፍልውኃ አጠገብ ስትመሠረት መልኳ የጦር ሰፈር መልክ ነበር። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከመስፈር ነው። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ተመሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለ እጁ ደግሞ በየጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ፤ ሸማኔዎቹ የሰፈሩበት ዶርዜ ሰፈር። በዚያን ዘመን መጤው ለማደሪያው በወር የሚቆጥረው ገንዘብ አልነበረም። ዋጋው ደጅ ጥናትና አገልግሎት ነበር፤ ጌታ የሌለው ሰው ግን ጎጆ የሚቀልስበት ቦታም አልነበረውም።

በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ የግል ይዞታን ሲያጸና ይህ ሥርዓት መለወጥ ጀመረ። ቦታ የሚሸጥ፣ የሚለወጥና የሚወረስ ንብረት ሆነ። በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ንግዱና የቀን ሥራው ሰፋ፤ ለዘመድ እንጂ ለጌታ የማይመጣው እንጀራ ፈላጊ በረከተ። ቀድሞ የመጣው የአገር ልጅ በኋላ የሚመጣውን በአንዲት ክፍል እየተቀበለ፣ ሥራም እያስለመደ፣ ዋስም እየሆነ አኖረው። በከተማዋ የተስፋፋው እድር ከዚሁ ኑሮ ጋር ይያያዛል፤ ከወገኑ ርቆ የሚኖር ሰው ቢሞት የሚቀብረው ጎረቤት ያስፈልገው ነበርና።

የጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ደግሞ ሌላ ዓይነት መልስ ይዞ መጣ። የወራሪው የከተማ ፕላን ነጩንና ጥቁሩን ለመለያየት የታቀደ ነበር። ለአገሬው ሰው ገበያና መኖሪያ በስተ ምዕራብ ሲከለልለት፣ ለጣሊያናውያን የመንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የዚያን የቤት ሥራ ድርጅት አሕጽሮተ ስም የያዘ ሲሆን፣ ፖፖላሬም በጣሊያንኛ «የሕዝብ ቤቶች» ከሚለው የተወሰደ ነው። ሁለቱም ስሞች ለሠራተኛ የታሰበ ቤትን ያስታውሳሉ፤ የታሰበለት ሠራተኛ ግን የከተማዋ ልጅ አልነበረም።

በዚህ ረገድ አዲስ አበባን ከናይሮቢ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረችው ናይሮቢ አፍሪካዊውን ሠራተኛ ጉልበቱን ሰጥቶ ወደ ገጠሩ የሚመለስ ጊዜያዊ ሰው አድርጋ ትቆጥረው ነበር። የባቡር ኩባንያው በሙቱርዋ ለሠራተኞቹ የሠራቸው ጠባብ ክፍሎችና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለአፍሪካውያን የተከለለው ፑምዋኒ የዚህ አመለካከት ውጤቶች ነበሩ። ክፍሎቹ ለወንደላጤ እንጂ ለቤተሰብ አልታሰቡም። በናይሮቢ መጤውን ጊዜያዊ ያደረገው የቅኝ ገዥው ሕግ ነው። በአዲስ አበባ ከነጻነት በኋላ ይህን የመሰለ ሕግ ባይኖርም፣ ቦታው በጥቂት ባለርስቶች እጅ በመሆኑ አብዛኛው ነዋሪ በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ክዳን የተሠራ ጠባብ ቤት ተከራይቶ፣ መጸዳጃውን ከብዙ ጎረቤት ጋር ተጋርቶ ይኖር ነበር።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ፤ ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘትንም ለግለሰብ ከለከለ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። የኪራይ ተመንም ተቀነሰ። በዚያች ዕለት ተከራይ ሆኖ ለተገኘው ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ «ቤቱን ልቀቅ» የሚለው ጌታ ቀርቶለታል።

ይሁን እንጂ አዋጁ የጠቀመው በዕለቱ ቤት ውስጥ የነበረውን ነው። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ቀበሌው ቤቱን ለማደስ እንኳ ገቢ አጣ፤ የያዘ ሰውም አይለቅም። ግለሰብ ማከራየት ስለተከለከለ ለገበያ የሚቀርብ አዲስ ቤት አልነበረም። በ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ የከተማዋ ነዋሪ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ለመጣው ሠራተኛ የቀረው ዕድል በሌላ ሰው የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ሆኖ መግባት ነው። ደባል በመጋረጃ በተከፈለ ክፍል የሚያድር፣ ኪራዩን በስውር የሚከፍል፣ በቤቱ ላይ አንዳች መብት የሌለው ሰው ነበር። ርካሹ ቤት ለውስጠኛው መብት፣ ለኋለኛው መጤ ግን ውለታ ሆነ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ማከራየት እንደገና የአደባባይ ንግድ ሆነ። ደላላው ተመለሰ፤ በየግቢው ጀርባ ሰርቪስ ቤቶች ተቀጠሉ፤ በከተማዋ ዳርቻ በአንድ ሌሊት የሚቆሙ «ጨረቃ ቤቶች» በረከቱ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1996 እና 1997 ዓ.ም. ገደማ፣ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ችግሩን በስፋት ለማቃለል የተሞከረበት ነው። ባለዕድሉ የሚለየው በዕጣ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 የተካሄደው ምዝገባ ከ900 ሺሕ በላይ ሰዎችን መሳቡ የፍላጎቱን ስፋት አሳየ። ሆኖም ዕጣ የሚደርሰው አስቀድሞ በነዋሪነት ለታወቀ፣ ለቆጠበና ለመጠበቅ አቅም ላለው ነው። ብዙ ባለዕድሎች ዕዳውን ለመክፈል ሲሉ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ኪራይ ወዳለበት ሄዱ። አዲሱ መጤም ኮንዶሚኒየሙን ያወቀው በባለቤትነት ሳይሆን በተከራይነት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ከ49 ዓመት በኋላ መንግሥት እንደገና በአከራይና በተከራይ መካከል ገባ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር አብዛኛው ለመልሶ ማልማት ፈርሷል፤ ከቤቶቹም ጋር እዚያ የነበረው ርካሽ ክፍልና የደባል ማደሪያ ሄዷል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ዋጋን ዝቅ የሚያደርግ ሕግ ብቻውን ዛሬ ቤት ውስጥ ያለውን ይጠብቃል፤ ነገ በአውቶብስ ተራ ሻንጣውን ይዞ የሚወርደውን ግን የሚያሳድረው የተሠራ ቤት ነው። ከተማዋን የሚገነባው፣ ዳቦዋን የሚጋግረውና መንገዷን የሚጠርገው ሰው በአብዛኛው ይኸው ኋላ የሚመጣው ነው። ስለዚህ የቤት ፖሊሲ ሲመዘን፣ ስንት ነባር ተጠቀመ ከሚለው ጎን፣ በዚያ ዓመት ለመጣው ሠራተኛ በደመወዙ የሚከራየው ስንት ክፍል ተገኘ የሚለውም ሊጠየቅ ይገባል።