ሰቆጣ በህዳር፦ ማንም ያልመዘገበው ጥጋብ

እስቲ ኢንተርኔት ላይ «ሰቆጣ» ብላችሁ ፈልጉ። ከከተማዋ ቀድሞ አንድ ሰነድ ቢመጣላችሁ አይግረማችሁ፤ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ነው፤ ዓላማው ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ማጥፋት ነው። ትንሽ ወረድ ስትሉ የ1977ቱ ረሃብ ይመጣል። ከዚያ የ2014ቱ ጦርነት፣ ከዚያ የ2016ቱ ድርቅ። ሁሉም እውነት ነው። ችግሩ ከዚህ ሌላ ምንም አለመኖሩ ነው።

የምኖረው ኮድ በመጻፍ ነው። በእኛ ሥራ ሎግ የሚባል ነገር አለ፤ ሲስተሙ ምን እንዳደረገ ራሱ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ብዙ ጊዜ ስህተት ሲፈጠር ብቻ እንዲጽፍ ይደረጋል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ብቻ ያነበበ ሰው ሲስተሙ አንድም ቀን በትክክል ሠርቶ የማያውቅ ይመስለዋል። መዝገቡ አልዋሸም፤ ደህና የነበሩትን ቀናት ግን የጻፈ የለም። የዋግ ኽምራ ታሪክም የተጻፈው እንደዚያ ነው። ንጉሥ ሲሻር፣ ሕዝብ ሲራብ፣ ጦር ሲያልፍ ይጻፋል። ሰው እሸት ጠብሶ የበላበት ከሰዓት በኋላ አይጻፍም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ወሩም ህዳር ነው።

የዘጠኝ ቀን ክፍተት

በመጀመሪያ የወቅቱን ስም እናስተካክል። ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው ጊዜ መጸው ነው። ብዙዎቻችን አበባ ስናይ «ጸደይ» እንለዋለን እንጂ ጸደይ የሚገባው ከመጋቢት በኋላ ነው። መጸው አበባም አዝመራም ነው፤ ሲጀምር ሜዳው ቢጫና አረንጓዴ ነው፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ገለባ መልክ ይይዛል። ህዳር መሐል ላይ ነው የሚውለው። አበባው አልቆ አውድማው የሚሞላበት ወር ነው።

አሁን ደግሞ የጾሙን አቆጣጠር እንደርብበት። ጾመ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ህዳር 5 ያበቃል። በማግስቱ ህዳር 6 ቁስቋም ነው። ጾመ ነቢያት፣ በተለምዶ የገና ጾም የምንለው፣ ህዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ጽጌንም ለሚጾም ሰው በሁለቱ መካከል ከህዳር 6 እስከ 14 ዘጠኝ ቀን ብቻ ይተርፋል። ከዘጠኙ ላይ ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ፣ ወሩ በዋለበት ቀን መሠረት 6 ወይም 7 ቀን ይቀራል። ወተቱ፣ ቅቤው፣ የፍየሉ ሥጋ ሁሉ እዚህ ውስጥ መግባት አለበት። መሐሉ ላይ ህዳር 12 ሚካኤል አለ፤ ዝክሩና ጠላው አለ። ከዚያ ቅበላ፣ ከዚያ እስከ ገና ጾም።

የአገራችን ትልቁ ታሪክ እነዚህኑ ዘጠኝ ቀናት እንዴት እንደመዘገባቸው ብታዩ ትገረማላችሁ። ህዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. ኢሕዴን ተመሠረተ፤ በኋላ ብአዴን የሆነው ድርጅት ነው፣ ቀኑም ለዓመታት በክልሉ ሲከበር ኖሯል። ህዳር 12 አዲስ አበባ ቆሻሻዋን የምታጥንበት ቀን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ያጠቃው የህዳር በሽታ፣ ማለትም ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ገደለ። ፓርቲ፣ ወረርሽኝ፣ ግድያ። ዋግ ውስጥ ያለ አንድ ገበሬ ግን በእነዚያው ቀናት ከሁሉ በፊት የሚያስበው ማሽላውን ወፍ እንዳይበላበት ነው።

እሸት

ዋግ ኽምራ ከተከዜ ሸለቆ ቆላ ተነስቶ ብርድ እስከሚቆረጥምበት ደጋ ይወጣል። ሰቆጣ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር በላይ ላይ ናት። በአንድ ቀን የእግር መንገድ የአየር ንብረቱ ስለሚቀያየር እሸቱም በአንዴ አይደርስም። ደጋው ላይ ገብሱ እየታጨደ፣ ቆላው ላይ ማሽላው ገና ወተቱን እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ጥየቃ ከዳገት ወደ ቆላ መውረድ፣ ከቆላ ወደ ዳገት መውጣት ሁለተኛ እሸት ማግኘትም ነው።

እሸት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሰዓት ነው። የበሰለ እህል ጎተራ ገብቶ ዓመት ይቆያል። እሸት ግን ዛሬ ካልበላችሁት በጥቂት ቀን ይደርቃል። አይከማችም፣ ወደ ሩቅ ገበያ አይጫንም፣ ቀረጥ ሰብሳቢም አይወስደውም። የገብሱን ዛላ እሳት ላይ ለብለብ አድርጎ በመዳፍ ማሸት፣ እብቁን እፍ ብሎ ትኩሱን መቃም፣ ሥራው ይኸው ነው። የማሽላው ራስ ፍም ላይ ይጠበሳል። ልጆች ደግሞ ጥንቅሽ ይመጣሉ፤ ያ እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጠው የማሽላ አገዳ። ቀን ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያጮኸ ወፍና ዝንጀሮ ሲያባርር የዋለ ልጅ ደመወዙ እሱ ነው።

የእሸትን ዋጋ ለመረዳት ከሱ በፊት ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ዋግ በመላ አገሪቱ የምትታወቅበት የልጃገረዶች ጨዋታ ሻደይ የሚከበረው በዚያው በነሐሴ ነው። ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ቅጠል ለምለም ነው፤ ሜዳውም ለምለም ነው፤ እህሉ ግን ገና አልደረሰም። ሻደይ ተስፋ ነው፣ ህዳር ግን ክፍያው። ለቱሪስት የሚመቸው የመጀመሪያው ስለሆነ ካሜራው ያለው እዚያ ነው።

አውድማው፣ ቀፎው፣ ጨው

እሸቱ ሲደርቅ አጨዳ ነው። በደቦ ወይም በወንፈል ይታጨዳል፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን። አውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ ነዶው ይበተናል፣ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራዩታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ይበተናል፤ ፍሬው ይወርዳል፣ ገለባው ይሄዳል። ልጆች ጭዱ ክምር ላይ ይንከባለላሉ። ይሄ ሁሉ ነጻ ነው፤ የገባው ጉልበትና የቤቱ ጠላ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ማር። ክረምቱን ተከትሎ የሚያብበው አበባ ንቦቹን ይመግብና ጥቅምትና ህዳር ማር ይቆረጣል። የሰቆጣ ማር ነጭ ነው። ነጭነቱ የሚመጣው ንቦቹ ከሚቀስሙት አበባ ነው፤ በተለይ ደረቁ ዳገት ላይ ከሚበቅል፣ ትግራይ ያሉ ጎረቤቶች ተበብ ከሚሉት ቁጥቋጦ። ለእርሻ ሰነፍ የሚባለው ድንጋያማ መሬት የአገሪቱን ውድ ማር ያወጣል ማለት ነው። ማር በድሮው ሥርዓት ግብር ነበር፤ ጠጁ የጌቶች ነበር። ለልጅ ግን ቀፎ የተከፈተ ዕለት ከነሰፈፉ የተሰጠችው ቁራጭ ነች ማር ማለት።

ሦስተኛው ጨው ነው፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ከዋግ ይሰፋል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪክኛ ጸሐፊ እንደተረከው፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎች ልኮ ከሩቅ አገር ወርቅ ያስመጣ ነበር። ይዘውት የሚሄዱት በሬ፣ ብረትና የጨው ቁራጭ ነው። ጉዞው ደርሶ መልስ 6 ወር ይፈጃል፤ ሲመለሱም ዝናቡ እንዳይቀድማቸው ይሮጣሉ። ከሰኔ በፊት ለመድረስ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ መነሻው ህዳርና ታህሳስ አካባቢ ይወድቃል። ከ1000 ዓመት በኋላ፣ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሰሜን ኢትዮጵያ ሲያልፍ ጨው አሁንም ገንዘብ ነበር። አሞሌ ነው እንግዲህ።

ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ የተቆረጠው ጨው በግመል እስከ ደጋው ጫፍ፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ይጓዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫና የዚህ ንግድ ትልቅ ገበያ ነበረች። ክረምት ላይ ተከዜና ጸላሪ ሞልተው መንገዱ ይዘጋል። ወንዞቹ ሲጎድሉ ነጋዴው ይንቀሳቀሳል፤ ገበሬውም የሚሸጠው እህል አለው። ከረጅም ዝምታ በኋላ ገበያው የሚደምቀው፣ የራቀ ወሬ የሚሰማው፣ የጠፋ ዘመድ የሚገኘው ያኔ ነው። የጥንት ጎብኚዎች ጽፈው ካቆዩልን ደስ ከሚሉ ነገሮች አንዱ ወዳጆች ሲገናኙ ከኪሳቸው የጨው ቁራጭ አውጥተው መላላሳቸው ነው። አስቡት፤ ገንዘብህን አውጥተህ ለጓደኛህ ታስልሰዋለህ።

ዋግሹሞቹ ራሳቸው በመዝገቡ ውስጥ አሉ። ዋግሹም ጎበዜ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ድል ሆኑ። ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. አድዋ ዘምተዋል። ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የቀደሙ የዋግ ገዥዎችን አጽም ይዞ ቆሟል። የገዥ አጽም በሣጥን ይቀመጣል። የህዳር ከሰዓት በኋላ የሚቀመጥበት ሣጥን የለም።

ያልመጡት ህዳሮች

ታዲያ ይሄ ሁሉ የእሸት ወሬ ለምን? ረሃቡን ለመሸፋፈን ነው የሚለኝ ሰው ሊኖር ይችላል። የኔ ክርክር ተቃራኒው ነው። በትክክል የሚሠራበትን ሁኔታ የማታውቀው ሲስተም ሲበላሽ ምን እንደጎደለ መናገር አትችልም።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን የከብት በሽታው በሬውን ሲጨርስ የጠፋው ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም። የሚያርስ በሬ የለም፤ ስለዚህ ነዶ የለም፤ የሚያበራይም የለም። አውድማው ራሱ ጠፋ።

ቢቢሲ ከቆረም የላከው ዘገባ ዓለምን ያስለቀሰው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 ነው። በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.። እዚያ መጠለያ ከነበሩት ብዙዎቹ ከዋግ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ቀኑን በራሳችን ካሌንደር አንብቡት። በደህና ዓመት ቢሆን የእሸት ጊዜ ነው። እነዚያ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የምናያቸው ሰዎች ማማ ላይ፣ አውድማ ላይ፣ ቀፎ ሥር መሆን የነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ይህንን አይነግራችሁም፤ እንደዚያው ሆነው የተፈጠሩ ያስመስላቸዋል። ዝናቡ መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ ጦርነቱ መንገዱንና ገበያውን መዝጋቱ ሌላ ነው። ሁለቱ ተደምረው ነው ህዳርን ያስቀሩት። ህዳር 2014 ላይም ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ አዝመራ የሚሰበሰብበት ወር እንደገና ሰው የሚሸሽበት ወር ሆነ።

ረሃብ የዋግ ተፈጥሮ አይደለም ማለቴ ነው። ረሃብ የቀረ ህዳር ነው።

ዛሬም ህዳር በመጣበት ዓመት ይመጣል፤ አዳዲስ ነገሮችም ተጨምረውበታል። በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ፈጥሮ፣ አያቶቻችን የማያውቁት ትኩስ ዓሣ ለዋግ ሰው ደርሷል። ነጩ ማር በፕላስቲክ ባልዲ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። በኽምጣና የሚቀለድ ቀልድ በስልክ ይላካል።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚለካው በሕጻናት ቁመት ነው፤ መለካትም አለበት። እኔ የምጨምረው አንድ ቀላል ሥራ ብቻ ነው። ከዚያ አካባቢ የመጡ አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ካሏችሁ በ1977 ምን እንደደረሰባቸው ብቻ አትጠይቋቸው፤ እሱን ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል። መጀመሪያ የሚደርሰው እሸት የቱ ነበር? ማማው የት ነበር የሚሠራው? ማር ሲቆረጥ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ለማን ነበር የምትሰጠው? ቅበላ ዕለት ማን ቤት ነበር የምትሰበሰቡት? ብለው ጠይቋቸው። ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ዓመቱንና የመንደሩን ስም ጻፉበት። መዝገቡ ደህና የዋለውን ቀን መጻፍ የሚጀምረው እንዲህ ነው።