ከመጠሪያ ወደ አባት ስም፦ በቆቦና በአካባቢው የአንድ ስም ሁለት አገልግሎት

በጃፓን ቋንቋ «ኢዙሚ» የሚለው ቃል «ምንጭ» ማለት ሲሆን፣ ለአንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ ለሌላው ደግሞ ወላጆቹ ያወጡለት የግል ስም ሆኖ ያገለግላል። የቤተሰብ ስም የሚባለው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወርድና የአንድን ቤት አባላት ሁሉ በአንድነት የሚያስጠራ ስም ነው፤ የግል ስም ግን ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። በጃፓን ተራው ሕዝብ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የተገደደው እ.ኤ.አ. በ1875 ሲሆን፣ ብዙዎቹ እነዚህ ስሞች ከእርሻ ማሳ፣ ከተራራ፣ ከወንዝና ከምንጭ የተወሰዱ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቃል በሁለቱም ቦታ ሲገኝ፣ ከሁለት ልዩ ልዩ መነሻዎች የመጡ ስሞች በድምፅ፣ አንዳንዴም በጽሕፈት፣ ተገጣጠሙ ማለት ነው እንጂ አንዱ ከሌላው ተወልዷል ማለት አይደለም።

በዞብል ተራሮች ግርጌ በተዘረጋው የቆቦ ሜዳ፣ በሰፊውም በአብዛኛው ኢትዮጵያ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ አንድ ስም ሁለት አገልግሎት መስጠቱ የሥርዓቱ መሠረት እንጂ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ማንኛውም የወንድ ስም በመጀመሪያ የባለቤቱ መጠሪያ ይሆናል፤ ባለቤቱ ሲወልድ የልጆቹ የአባት ስም፣ የልጅ ልጆች ሲመጡ ደግሞ የአያት ስም ይሆንና በአራተኛው ትውልድ ከመታወቂያ ወረቀት ይወጣል። በዚህ መሠረት አንድ ሰው በሁለተኛ ደረጃ የሚጻፍለት ስም የቤቱ ሳይሆን የአንድ የተወሰነ ሰው፣ ማለትም የአባቱ፣ ስም ነው። በአንድ ቀበሌ ሁለት ይማም አሊዎች ቢገኙና መለየት ቢያስፈልግ፣ የአያት ስም ይጨመራል፤ ያም ካልበቃ ሰፈር ወይም ቅጽል ስም ይከተላል።

ከቆቦ በስተደቡብ የሚገኘው የየጁ አገር በዘመነ መሳፍንት ያወጣቸው ገዢዎች ይህን የስም ጉዞ ከማንም ይልቅ ግልጽ አድርገው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1825 የሞተው ራስ ጉግሣ መርሱ በስሙ አንደኛ ቦታ ላይ የያዘውን ቃል፣ በተከታታይ የገዙት ልጆቹ ይማም ጉግሣ፣ ማርዬ ጉግሣና ዶሪ ጉግሣ በሁለተኛ ቦታ ይዘውታል። እነርሱን ተክቶ ከ1831 እስከ 1853 እ.ኤ.አ. የገዛው ዳግማዊ ራስ አሊ የሌላው የጉግሣ ልጅ የአሉላ ልጅ በመሆኑ፣ ሙሉ ስሙ «አሊ አሉላ ጉግሣ» ተብሎ ሲጠራ ሦስቱም ስሞች በየተራ የአንድ ሰው መጠሪያ የነበሩ ናቸው። «አሉላ» ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በትግራይ በራስ አሉላ እንግዳ ስም አንደኛውን ቦታ ይዞ ይመለሳል፤ «ጉግሣ»ም የእቴጌ ጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ብጡል ልጅ በነበረው በራስ ጉግሣ ወሌ እንደገና ወደ መጠሪያነት ይወጣል፤ እሱም መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ላይ ወደቀ። ስሙ አንድ ቢሆንም ከየጁው ራስ ጉግሣ የተላለፈ የቤተሰብ ስም አይደለም። ከአውሮፓ ጸሐፊዎች መካከል «ጉግሣ»ን እንደ ቤተሰብ ስም የሚያነብ ቢኖር ሊፈረድበት አይገባም፤ በአገሩ ልማድ ግን ንባቡ ስሕተት ነው።

በዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ሌላ ልብ የሚባል ነገር አለ። «ይማም» ከዐረብኛው «ኢማም»፣ «አሊ»ም ከእስልምና ታሪክ የተገኙ ሲሆኑ፣ የየጁ ገዢዎች ክርስትናን ተቀብለው እንኳ እነዚህን ስሞች ይዘው ቆይተዋል። በወሎ አባቱ አሊ፣ ልጁ ኃይሌ፣ ወይም አባቱ በላይ፣ ልጁ ሰይድ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። መሐመድ አሊ ይባል የነበረው የወሎው ገዢ ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ተጠምቆ ሚካኤል ቢባልም፣ የአባቱ ስም አሊ ከመሆን አልተለወጠም፤ የአባት ስም የሚናገረው አባቱ ማን እንደነበረ ብቻ ነውና የልጁ ሃይማኖት አይለውጠውም። የጃፓን የቤተሰብ ስም አንድ ቤት የተመዘገበበትን መዝገብ ሲያሳይ፣ የወሎ የአባት ስም ግን የሁለት እምነቶችን ታሪክ በአንድ መስመር ላይ ያስቀምጣል።

የውጭው ዓለም ይህን ሥርዓት በራሱ ቅርጽ ውስጥ ለማስገባት የሞከረባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት አይደሉም። ሯጩ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ሲያሸንፍ ብዙ የአውሮፓ ጋዜጦች «ቢቂላ» ብለው የአባቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ተጠቀሙበት፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ ግን ጃፓናውያን «አበበ» ብለው ያዙት፤ እስከ ዛሬም የሚያውቁት በዚሁ ስም ነው። ጃፓናውያን የቤተሰብ ስምን ቀድመው ስለሚያነቡ «አበበ»ን እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረውት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ባለቤቱ የተጠራው በትክክለኛ ስሙ ነው። በሕግ ረገድ ደግሞ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የግል ስሞችና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ጽሑፎችም የቤተሰቡ ስም እንዲቀድም ያዝዛል። ድንጋጌው በሥራ ላይ ሳይውል ቀርቶ አገሩ በልማዱ ቀጠለ። ከአገር ወጥቶ ፓስፖርት የሚይዝ ሰው ግን «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሣጥን የአያቱን ስም ሲያስገባ፣ ልጆቹ ከተወለዱበት አገር ሕግ የተነሣ ያንኑ የአያት ስም ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ ይጓዝ የነበረው ስም ባለበት ይቆማል።

የዚህ ጉዞ ትልቁ ጉድለት የሚታየው በሴቶች ስም ላይ ነው። ሴት ልጅ የአባቷን ስም ትይዛለች፣ ስታገባም አትለውጠውም፤ ይህ ከብዙ አገር ልማድ ጋር ሲነጻጸር ነጻነት መስሎ ይታያል። የራሷ ስም ግን ወደ ልጆቿ ስለማይሻገር ከአንደኛ ቦታ ፈጽሞ አይወጣም። የዳግማዊ ራስ አሊ እናት መነን ሊበን አመዴ በልጇ ዘመን ሥልጣን ከያዙት ሰዎች ዋነኛዋ ሆና ሳለች፣ «አሊ አሉላ ጉግሣ» በሚለው ስም ውስጥ ፈለጓ የለም። በቃል የሚነገረው የዘር ቆጠራ ግን ከወረቀቱ ይለያል። ክርስቲያኖች ጋብቻ ሲያስቡ በእናትም በአባትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በሰሜኑ የርስት ሥርዓትም፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ እስኪሻር ድረስ፣ መሬት በእናት ወገንም ይጠየቅ ስለነበር ተከራካሪው የሴት ቅድመ አያቱን ስም በቃሉ መያዝ ነበረበት። ርስት ሲሻር፣ የሴቶችን ስም ለማስታወስ ይገፋፋ ከነበረው ምክንያት ትልቁ ቀረ።

በሰዋስው ውስጥ ግን የእናት ድምፅ ሳይጠፋ የሚቆይበት ቦታ አለ። ብዙ የአማርኛ ስሞች ቃል ብቻ ሳይሆኑ ሙሉ ሐረግ ወይም ዐረፍተ ነገር ናቸው፤ «ዓለሙ» የሚለው ስም የ«እሱ» ዓለም ማለት ሲሆን፣ ልጁ «ታደሰ» ሲባል «ታደሰ ዓለሙ» የሚል የተሟላ አባባል ይገኛል፤ ስም አውጪዎችም ይህን ግጥምጥም ሆን ብለው ይፈልጉታል። «ተስፋዬ» ሲባል ግን «ዬ» የሚለው ባለቤትነት አመልካች የሚጠቁመው ስሙን ያወጣውን ሰው ነው፤ ስም አውጪዋ እናት በሆነችበት ሁሉ «የእኔ» የምትለው እሷ ናት። ልጁ አድጎ ሲወልድ «ተስፋዬ» የልጆቹ የአባት ስም፣ በኋላም የአያት ስም ሆኖ ይጻፋል፤ የእናቲቱ ስም ከቀበሌው መዝገብ ላይ ባይኖርም፣ ያቺ «ዬ» የማን እንደሆነች ሳትናገር ከልጅ ልጆቹ መታወቂያ ላይ ትቀመጣለች።